«አክስቴ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?»

የእህቴ ልጅ የመጣችው ነገሩን ጨርሳ ነው። የአራት ካሜራ ስም ስልኳ ላይ ጽፋለች፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥታለች። የቀራት የእኔ «አዎ» ብቻ ነበር። «አክስቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የትኛውን ልግዛ?»

ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝን ሰው ቆጥሬ አልጨርሰውም። ድሮ ደስ እያለኝ እመልስ ነበር። ሞዴል እጠራለሁ፣ ሌንስ እመርጣለሁ፣ ቦርሳው ሳይቀር የትኛው እንደሚሻል እናገራለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ሰውዬው በአዲሱ ካሜራ ያነሳቸውን ያሳየኛል። ያው የድሮዎቹ ፎቶዎች ናቸው። ትንሽ ጠርተዋል፣ በቃ።

ስለዚህ አሁን ከመልሱ በፊት የቤት ሥራ እሰጣለሁ። «ያልወደድሻቸውን 30 ፎቶዎች ይዘሽ ነይ» አልኳት። «ቆንጆዎቹን አይደለም። ያናደዱሽን።»

«እንድትመርጪልኝ እንጂ እንድትፈትኚኝ መች መጣሁ?» ብላ አኮረፈች። ግን ይዛ መጣች። ያደረግነውን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ለብቻችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ።

የከሸፉትን አታጥፉ

ብዙ ሰው የከሸፈ ፎቶ እንዳየ ያጠፋዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ትልቅ ስህተት ነው፤ ምን እንደጎደላችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነውና። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ምንም አታጥፉ። ከዚያ በጣም ያናደዷችሁን 30 ምረጡና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ መስመር ጻፉ፦ ምን ጎደለው?

አንድ ክልከላ አለ። «ካሜራው ጥሩ ስላልሆነ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። የሚጻፈው በዓይን የሚታየው ጉድለት ብቻ ነው። ፊቷ ጨልሟል። እጁ ብዥ ብሏል። አፍንጫው ገዝፏል። ምሰሶ ከጭንቅላቱ ላይ በቅሏል። ወፏ ነጥብ አክላለች።

ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ጀመርን። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ስንደርስ ስልኳን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት ተጋግሯል። አምፖሎቹ ሁሉ ጅራት ያወጡት፣ ምስሉም ወተት የፈሰሰበት የመሰለው ለዚህ ነበር። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት። እዚያው ድጋሚ አነሳች፤ ጅራቱ የለም። «እና እስከዛሬ ምን ስሠራ ነበር?» አለች። እኔም ስንቴ ረስቼው አውቃለሁ፤ በዚህ አትፈሩ።

ሁሉንም ስንጨርስ ወረቀቱ ይህን ይል ነበር። አሥራ አንዱ የብርሃን ችግር። ሰባቱ የርቀት። አምስቱ የተንቀሳቀሱ። ሦስቱ ከጀርባ ያለው ነገር ያበላሻቸው። የቀሩት አራት ብቻ ስልኳ ሊያነሳቸው የማይችላቸው ነበሩ። የእናንተ ቁጥር ይለያል። ወፍ የሚወድ ሰው ወረቀት ሌላ፣ ልጆቹን የሚያነሳ ሰው ወረቀት ሌላ ነው። ቁም ነገሩ ቁጥሩን ሳታዩ አለመግዛት ነው።

ብርሃኑ

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ማታ ቤት ውስጥ፣ ከጣሪያ በሚወርድ አምፖል የተነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ዓይናችን ያታልለናል። መብራት ከበራ «ብርሃን አለ» እንላለን። ለካሜራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ አሃድ ነው) ይደርሳል። የማታ ሳሎን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሉክስ ቢሆን ነው። ልዩነቱ ከ500 እስከ 1,000 እጥፍ መሆኑ ነው።

አሁን ይህን ከዕቃው ጋር አስተያዩት። ከኤፍ 5.6 ሌንስ ወደ ኤፍ 1.8 ሌንስ ብትሸጋገሩ (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ይነግራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጨምራል። አሥር እጥፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ያንኑ ሰው ከሳሎኑ ጥግ አንስታችሁ በቀን መስኮት አጠገብ ብታስቀምጡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የበለጠ ታገኛላችሁ። ያውም በነፃ።

እንዴት እንደምታስቀምጡት ግን ለውጥ ያመጣል። ሰውየው ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። መስኮቱ ከጎኑ ይሁን እንጂ ከጀርባው አይሁን፤ ከጀርባው ከሆነ ካሜራው በመስኮቱ ተደናግጦ ፊቱን ያጠቁረዋል። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት። አምፖሉ ቢጫ፣ የቀኑ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ቀመስ ነው። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሽ ጉንጭ የታመመ ይመስላል፤ በኤዲት ማስተካከሉም ጣጣ ነው። ፀሐይዋ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱ። ጥላ በከበደበት በኩል ነጭ አንሶላ ወንበር ላይ ስቀሉ፤ ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ይወረውረዋል። ዓይኑ ውስጥ የመስኮቱን ነጸብራቅ ካያችሁ ቦታውን አግኝታችኋል።

በስልክ ስታነሱ ደግሞ ፊቱን በጣታችሁ ንኩ፤ ፎከሱም ብርሃኑም በእሱ ይለካል። አብዛኞቹ ስልኮች ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ካቆያችሁት እዚያው ይቆለፋል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስባችሁ ማብራትና ማጨለም ትችላላችሁ። የእህቴ ልጅ ስልኩን ሦስት ዓመት ስትይዘው ይህን አታውቅም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ብርሃን ካነሳን አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር በኩል በመኪና ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ ያያል። ከታች የመቃብሩ መስቀሎች በመጨረሻዋ የፀሐይ ጨረር ነጭ ሆነው ያበራሉ። ተጣድፎ ትልቁን ካሜራውን ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ቢፈልግ ግን አጣው። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ስለሚያውቅ ከዚያ ተነስቶ አሰላና አንድ ፎቶ አነሳ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ሄዳለች። መለኪያው ቢጠፋበት ፎቶው አልጠፋበትም።

ይህን ታሪክ «ዕቃ ምንም አይደለም» ለማለት የሚያወሩት ብዙ ናቸው። ካሜራውን ግን ይረሱታል። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፊልም የሚጎርስ ግዙፍ ካሜራ ነበር። መንደሯ በትልቅ ህትመት ቤት በቤት ቁልጭ ብላ የምትታየው በእሱ ምክንያት ነው። ዕቃውም እውቀቱም አንድ ላይ ሠርተዋል። እኔን የሚያናድደኝ አንዱን ብቻ ይዞ መጮህ ነው።

እግራችሁ የት ቆሟል?

ሰባቱ የርቀት ፎቶዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛዎቹ ፊት የተበላሸባቸው ናቸው። ሰው «ሌንሱ አፍንጫዬን አስረዘመው» ይላል። አፍንጫ የሚያስረዝመው ሌንሱ ራሱ አይደለም፣ ቅርበቱ ነው። አፍንጫ ከጆሮ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይቀድማል። ካሜራው ከፊት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ያቺ ልዩነት ትልቅ ናት፤ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሁለት ሜትር ላይ ሲሆን ግን ከቁጥር አትገባም። ስለዚህ ፊት ስታነሱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ራቁና ስልኩን 2 እጥፍ ዙም ላይ አድርጉት። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ ለፊት አትጠቀሙ፤ ተጠግታችሁ እንድታነሱ ይገፋፋችኋል። ዘመድ አያጣላችሁ።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ሰውየው መሀል ላይ ጉንዳን አክሏል፣ ዙሪያው ባዶ ነው። መድኃኒቱ መራመድ ነው። ሦስት እርምጃ ሂዱና አንሱ፣ እንደገና ሦስት እርምጃ ሂዱና አንሱ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ይሻላል። ስትንቀሳቀሱ ከጀርባ ያለውም አብሮ ይለወጣል፤ ከጭንቅላት የበቀሉት ምሰሶዎች የዳኑት ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ በመሄድ ነው።

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በትንሽ ላይካ ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ይህ ቁጥር በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። አንድ ሌንስ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው እግሩ ርቀቱን ይለምዳል። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሳያነሳ ፍሬሙ ውስጥ ምን እንደሚገባ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 ፓሪስ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ሰው በተጠራቀመ ውሃ ላይ ሲዘል ያነሳው በአጥር ጣውላዎች መካከል ነው። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ስላልገባ የፍሬሙ ጠርዝ በጣውላው ተሸፍኖ ነበር፤ በኋላ ተቆርጦ ተስተካከለ። እኔ ከዚህ ተምሬ ለአንድ ወር ያህል ዙሙን አልነካም ብዬ በአንድ ሌንስ ብቻ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እስር ቤት ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ግን ዙሙ ትዝም አላለኝ። በስልክም ይሞከራል፤ 1 የሚለውን ብቻ ይዛችሁ ወሩን ጨርሱ።

ስለ ሜጋፒክስል አጭር ነገር (አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን የምስል ነጥብ ነው)። አራት ኬ የሚባለው ስክሪን ያለው 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት ለማተም 9 ሚሊዮን አይሞላም። 12 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ለዚህ ተርፎ ይመለሳል። ግድግዳ የሚሞላ ህትመት ከፈለጋችሁ ወይም ፎቶውን አብዝታችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ያን ጊዜ እናወራለን።

ብዥታው ከየት መጣ?

ብዥ ያለ ፎቶ ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ አትዘኑ፣ መርምሩት። ሁሉም ነገር፣ ወንበሩም ግድግዳውም ብዥ ካለ የተንቀጠቀጠው እጃችሁ ነው። ወንበሩ ጠርቶ ልጁ ብቻ ብዥ ካለ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ከፊቱ ወይም ከጀርባው ያለው ጠርቶ እሱ ካልጠራ ፎከሱ ስቷል። ሦስቱ ሦስት በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ለእጅ መንቀጥቀጥ የቆየ ሕግ አለ። የሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር ጋር ይመጣጠን፦ ለ50 ሚሊ ሜትር 1/50 ሰከንድ፣ ለ200 ሚሊ ሜትር 1/200 ሰከንድ። ከዚያ ከዘገየ ግድግዳ ተደገፉ፣ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብስቡ፣ ወይም ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ። ለሚሮጥ ልጅ ግን ይህ ሁሉ አይረዳም። ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው 1/125 ይበቃል፤ ለሚሮጥ 1/500 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ብርሃን ይፈለጋል፤ ዞሮ ዞሮ ወደ መስኮቱ ይመልሰናል። «ይሄኛው ካሜራ እጅ ቢንቀጠቀጥም ያረጋጋል» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ለልጆቻችሁ ፎቶ ብላችሁ እንዳትገዙ። የሚያረጋጋው እናንተን እንጂ ልጁን አይደለም። የስልኩ የማታ ሙድም ያው ነው፤ ብዙ ፎቶዎችን ደራርቦ አንድ ስለሚያደርግ ለሕንፃ ግሩም ነው፣ ለድመት ግን አይሆንም።

ሦስተኛውን በሽታ ያመጣሁት በገዛ ገንዘቤ ነው። ለሁለት ዓመት አጠራቅሜ 85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.4 ሌንስ ገዛሁ። በተገዛ በሳምንቱ የጓደኛዬን እናት አነሳሁ። ከአንድ ሜትር ተኩል፣ በኤፍ 1.4፣ ከጀርባቸው ያለው ሁሉ ቅቤ እንደመሰለ። በካሜራዬ ትንሽ ስክሪን ሳየው ልቤ ቀለጠ። ቤት ገብቼ በትልቁ ስከፍተው የጠራው የአፍንጫቸው ጫፍ ነው። ዓይናቸው ብዥ ብሏል። 40 ፎቶ፣ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም እንደዚያው። በዚያ ርቀትና በዚያ የሌንስ ቀዳዳ የሚጠራው ውፍረት ከሦስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ እሳቸው ሲስቁ ጭንቅላታቸውን ትንሽ ወዘወዝ ያደርጋሉ፣ አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ይቅርታ ጠይቄ ተመለስኩና በኤፍ 4 አነሳኋቸው። በኤፍ 4 ደግሞ አሮጌው ሌንሴም ይሠራ ነበር።

ሌንሱን አልሸጥኩትም። አሁን በደንብ እንግባባለን። ግን ውድ ዕቃ የራሱን አዲስ ስህተት ይዞ እንደሚመጣ ያን ቀን ገባኝ።

ዕቃው የግድ ሲሆን

ወደ አራቱ እንመለስ። ሁለቱ የትምህርት ቤት ቴአትር ላይ የተነሱ ናቸው። እሷ የተቀመጠችው ከመድረኩ 20 ሜትር ርቃ ነው፤ ተነስቶ መጠጋት አይፈቀድም። የስልክ ዋና ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስል ተቀባዩ የተለመደውን ፊልም በሚያክለው) ልክ ሲቆጠር 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ወደ 28 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ መድረኩን፣ መጋረጃውን፣ የግድግዳውን ሰዓት ሁሉ። ተዋናይዋ መሀል ላይ ቀጭን ሰረዝ ናት። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ስፋቱ 3.6 ሜትር ይሆናል፤ አሁን ሰው ይታያል። በጣት ዘርግቶ ማጉላት የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም፤ ያለውን ጥቂት ነጥብ ይለጥጠዋል።

የቀሩት ሁለቱ ወፎች ናቸው። አሥር ሴንቲ ሜትር የምታክል ወፍ፣ አሥር ሜትር ላይ። 4,000 ነጥብ ስፋት ባለው የስልክ ፎቶ ላይ ወፏ 30 ነጥብ እንኳ አትሞላም። እዚህ ላይ «ዓይን እንጂ ካሜራ አይደለም» ብሎ መፈላሰፍ ሰውን ማሾፍ ነው። መጠጋት አይቻልም፣ ትበራለች። ዕቃ ያስፈልጋል፣ በቃ።

ከሁሉም የሚከብደው የማታ ስፖርት ነው፤ ርቀቱ፣ ጨለማው፣ ፍጥነቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሜዳ ዳር የምታዩአቸው ፎቶ አንሺዎች ያንን መድፍ የሚያህል ሌንስ የተሸከሙት ለጉራ አይደለም። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 እንዲሆን የፊት መስታወቱ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር መስፋት አለበት። ሒሳቡ ይህ ነው፣ አይጭበረበርም። ነፍሳትን አጉልቶ ማንሳትም የራሱን ዕቃ ይጠይቃል፤ እሱ ግን ቀለል ይላል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀለበት በካሜራውና በሌንሱ መካከል አስገብቶ መጀመር ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 አፖሎ 8 የተባለው መንኮራኩር ጨረቃን ሲዞር ጠፈርተኛው ቢል አንደርስ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ስትወጣ ያነሳት በሃሰልብላድ ካሜራና በ250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። መጀመሪያ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ነበር። ወዲያው የቀለም ፊልም ፍጠኑልኝ ብሎ ተቀበለና ያችን ሰማያዊ ኳስ አነሳ። ረጅሙ ሌንስ ባይኖር ትንሽ ነጥብ፣ የቀለም ፊልሙ ባይኖር ግራጫ። ቀና ብሎ ባያይ ደግሞ ምንም።

እንግዲያው ከገዛችሁ

መግዛት ያለባችሁ ጉድለቱን በቁጥር መናገር ስትችሉ ነው። «የተሻለ ካሜራ እፈልጋለሁ» ምንም አይነግረኝም። «20 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ፍሬሙን እንዲሞላ፣ በደብዛዛ ብርሃን 1/250 እንዲሠራልኝ» ካላችሁኝ ግን መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ አለ።

ከመግዛት በፊት ተዋሱ ወይም ተከራዩ። አንድ ሳምንት ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ትከሻችሁን ካመማችሁ ዕቃው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚያረጅ እወቁት። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ለካሜራው ሳይሆን ለሌንሱ አድሉ፤ ካሜራ ቶሎ ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ሦስት ካሜራ ይቀብራል። ያገለገለ ሌንስ አትናቁ። ብቻ የባትሪ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላ በኩል ተመልከቱ፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። ሁለተኛ ባትሪም ያዙ። እኔ በዋናው ሰዓት ላይ ባትሪ አልቆብኝ በሰው ስልክ ያነሳሁበት ቀን አለ፤ ዝርዝሩን ሆድ ይፍጀው።

የእህቴ ልጅ ከአራቱ አንዱንም አልገዛችም። አሮጌውን ካሜራዬንና ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለውን ሌንሴን ሰጠኋትና ለሚቀጥለው ቴአትር ይዛው ሄደች። በኤፍ 2.8፣ በ1/250፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት ልክ) 3200 ላይ አነሳች። ከ200 በላይ ፎቶ አምጥታ እስከ እኩለ ሌሊት አስመረጠችኝ። ያ ከሆነ ሁለት ወር አለፈ። ሌንሱን ልጠይቃት ትናንት ስደውል ቀድማኝ ተናገረች፦ «አክስቴ፣ በ200 ወፏ አሁንም ትንሽ ነች። የፍሬሙ አንድ አሥራ ስምንተኛ ብቻ ነው የምትሞላው፣ ለካሁት። 400 የለሽም?»